ኅዳር ሲታጠን ሕዋሳችን የሚያነበው ገጽ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ባሕር ዳር ውስጥ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ከጣና አስቀድሞ የሚያየው ጭስ ነው። በየደጃፉ የተጠረገ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ጆንያ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ተከምሮ ይነዳል። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። መቅሠፍቱ «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም ወጣለት፤ ቆሻሻን አቃጥሎ በሽታን በጭስ የማባረሩ ልማድም «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከ ዛሬ ዘለቀ። ግቢ መጥረጉ መልካም ነው፤ እኔ የምጣላው ከክብሪቱ ጋር ነው። የሳንባ በሽታን ለማሰብ ሳንባን በጭስ መሙላት ዛሬ ግራ ቢያጋባኝም፣ በልጅነቴ ግን ከእሳቱ ዙሪያ ከማይጠፉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

በዚህ ዓመት ኅዳር 12 ላይ፣ ከአንድ ወዳጄ የተዋስሁትን የእጅ ስልክ የሚያህል የአየር ብናኝ መለኪያ በግቢያችን አጥር ላይ አስቀምጬ ነበር። መለኪያው የሚከታተለው ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ማለትም ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ደቃቅ ብናኝ ሲሆን፣ ውጤቱንም የሚሰጠው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ በመግለጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ (የምርምሮቹን ዓመታት ከዚህ በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የዓመቱ አማካይ ከ5፣ የአንድ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኔ መለኪያ ገና ጎረቤታችን ክምሩን ሲለኩስ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አሳየ፤ የፌስታሉ ጥቁር ጭስ አጥሩን ሲሻገር ደግሞ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ተተኮሰ። ትክክለኛውን አኃዝ እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ያን መለኪያ በሙሉ ልብ እንዳላምነው ያደረገኝ ነገር ከሁለት ወር በፊት ገጥሞኛል።

መስከረም ውስጥ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መለኪያውን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። በዚያ ሰዓት ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች እሳት ማያያዝ ይጀምራሉ። መለኪያዬ ያሳየው ቁጥር ከማድ ቤት ቁጥር የማይተናነስ ስለነበረ፣ ከሴቶቹ አንዷን፣ ለብዙ ጊዜ የማውቃትን ሰው፣ «የእናንተ ጭስ እኮ ይህን ያህል ነው» ብዬ ማስተማር ጀመርሁ። እርሷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በርትታ ጉሙ ከውኃው ላይ ሲነሣ ግን፣ እሳቱ እንደ ነደደ፣ ዘይቱም እንደ ፈላ፣ ቁጥሩ ወደ ታች ወረደ። ለካ መለኪያው ብርሃን እየለቀቀ የተበተነውን ብርሃን የሚያነብ ስለሆነ፣ የጉም ጠብታንና የጭስ ቅንጣትን ለይቶ አያውቅም፤ እርጥበት በበዛበት አየር ሁሉን ብናኝ ብሎ ይቆጥራል። ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሷም «ጉሙን ነዋ የወቀስኸው!» ብላ ሳቀችብኝ።

መቼም ውኃን ጭስ ብሎ መጥራት በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚፈጠፈጥበት ስፍራ ጢስ ዓባይ የተባለው ወደ ላይ በሚነሣው የውኃ ብናኝ ምክንያት ነው። ለዓይን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ለሳንባ ግን የጉም ጠብታ እርጥብ ቤት ውስጥ የገባ ውኃ ነው፤ ከእርጥበቱ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። የጭስ ቅንጣት ግን እንግድነቱን ይዞ ይቆያል፤ ሲቆይም ሕዋሱ የማያውቀውን ነገር ይነግረዋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ንግግር ነው።

አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 2.5 ማይክሮሜትር የሆኑ ቅንጣቶች በአንድ ፀጉር ስፋት ላይ ቢደረደሩ ወደ 28 ይሆናሉ። ከእሳት የሚወጣው ቅንጣት ደግሞ አብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር እንኳ ያነሰ ነው። ባጃጅ ከኮረት መንገድ ላይ የሚያስነሣው አቧራ በአመዛኙ ከዚህ የገዘፈ በመሆኑ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል፤ ወደ አየር ቧንቧዎቹ የዘለቀውንም በዚያ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር እየገፉ ወደ ላይ ይመልሱታል። ደቃቁ ብናኝ ግን እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳል። በዚያ ጠራጊ ፀጉር የለም። ከረጢቶቹ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ አየርንና ደምን የሚለየው ግድግዳም ከ1 ማይክሮሜትር የሳሳ ነው። ኦክስጅን በቀላሉ እንዲያልፍ ተብሎ የሳሳው ግድግዳ ለሌላውም የሳሳ ነው፤ በ2017 የኤደንብራ ተመራማሪዎች በፈቃደኝነት የቀረቡ ሰዎች ጉዳት የማያደርስ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ እንዲተነፍሱ አድርገው፣ ወርቁን በአንድ ቀን ውስጥ በደማቸው፣ ከሦስት ወር በኋላም በደማቸውና በሽንታቸው አግኝተውታል።

በከረጢቶቹ ውስጥ ጥበቃ የሚያደርገው ማክሮፋጅ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር ከአክታ የተዘጋጀ ስላይድ በማይክሮስኮፕ አሳይተውን ነበር። ሕዋሱ ሰፊ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ሐመር ሰማያዊ ነው፤ በውስጡ ግን በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶበታል። በመጀመሪያ ቀለሙ የረጋ መስሎኝ ነበር። መምህሩ «ካርቦን ነው፤ ይህች ሴት ሲጋራ አጭሳ አታውቅም» አሉን፤ ከዚያ በላይ ያስፈለገው ማብራሪያም አልነበረም። ማክሮፋጅ ባክቴሪያ ሲውጥ በኢንዛይም ያሟሟዋል። ጥቀርሻ ግን አይሟሟም። የዋጠውን ይዞ ይዞራል፤ ይዞ ሲዞር ደግሞ ዝም አይልም።

ለምን ዝም እንደማይል ለማስረዳት ወደ እታለም ማድ ቤት ልሂድ። እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከከተማው ወጣ ብሎ በዘንዘልማ በኩል ነው። ማድ ቤታቸው ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ጭስ የሚወጣው በበሩና በግድግዳው አናት ላይ በቀረው ክፍተት ነው። ማገሮቹ በጥቀርሻ ተለብጠው ያብረቀርቃሉ። ምጣዱን የሚያሞቁት በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ ነው፤ ቅጠል ቶሎ ይያያዛል፣ ምጣዱን እኩል ያሰማል፣ ቶሎም ይከስማል። ስለዚህ አንድ እንጀራ ወጥቶ ሌላው ሲሰፋ እፍኝ ቅጠል ይጨመራል፤ ያ እፍኝ ቅጠል ነበልባል ከመሆኑ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል። ትልቁ ጉዳይ ያ ነጭ ጭስ ነው። ከቅጠሉና ከእንጨቱ በሙቀት ተንኖ የወጣ፣ ነገር ግን ሳይነድ ያመለጠ ዘይትና ሙጫ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይረጋል፤ በጥቀርሻው ላይም ይለጠፋል። እታለም ጎንበስ ብለው እፍ የሚሉት ልክ በዚህ ሰዓት ነው፤ እፍ ካሉ በኋላ ደግሞ በረጅሙ አየር ይስባሉ። በጀርባቸው ላይ በአንቀልባ የታዘለ የልጅ ልጃቸው አለ።

በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት፣ የጉበቱም ሆነ የቆዳው ወይም የሳንባው፣ ከጥቂቶች በቀር አንድ ዓይነት የዘረመል መጽሐፍ ይዘዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉ። ጉበትን ጉበት፣ ሳንባን ሳንባ ያደረገው የመጽሐፉ ልዩነት ሳይሆን የምንባቡ ልዩነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ግጻዌን ያውቃል፤ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ በመቅደሱ አሉ፣ በዛሬው ዕለት ከየትኛው መጽሐፍ የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ የሚወስነው ግን ግጻዌው ነው። በሕዋስም እንዲሁ የትኛው ጂን ተነብቦ አርኤንኤ ወደሚባለው ቅጂ እንደሚገለበጥ፣ ከዚያም ፕሮቲን እንደሚሆን የሚወስን ሥርዓት አለ። ስለ አየር ብክለት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ጭስ መጽሐፉን ይቀድዳል ብሎ ነው። መቅደዱም አለ፣ እመጣበታለሁ፤ ነገር ግን ከቅዳጁ በፊትና ከቅዳጁ እጅግ በበለጠ ብዛት የሚደርሰው የግጻዌው መዛባት ነው።

ጥቀርሻው ላይ የተለጠፉት ብረት፣ መዳብና ኪኖን የሚባሉ ውሕዶች በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ከኦክስጅን የተሠሩ ቁጡ ቅንጣቶችን ያመነጫሉ። ሕዋሱ ይህን የሚያውቅበት አንድ ግሩም ዘዴ አለው። ኤንአርኤፍ-2 የሚባል ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ኪፕ-1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ለማፍረሻው ስለሚያስረክበው ከደቂቃዎች በላይ አይኖርም። ይህ ብክነት ይመስላል፤ ሠርቶ ማፍረስ! ጥቅሙ የሚታየው ጭስ ሲመጣ ነው። ቁጡዎቹ ቅንጣቶች ሰልፈር የያዙትን የኪፕ-1 ክፍሎች ሲነኩ መያዣው ይላላል፤ ኤንአርኤፍ-2 ሳይፈርስ ይከማቻል፣ ወደ አስኳሉ ይገባል፣ የመከላከያ ጂኖች የሚነበቡበትን ገጽ ይገልጣል። ቁጡዎቹን ቅንጣቶች የሚያበርደውን ግሉታታዮን የሚሠራው፣ መርዛማ ውሕዶችን አጥቦ የሚያስወግደው፣ ብረትን አስሮ የሚያስቀምጠው ሁሉ በአንድ ላይ ይነበባል። ሁሉ ነገር በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት ባልነበረ ነበር።

የቁጡዎቹ ቅንጣቶች ብዛት ከመከላከያው ሲበልጥ ሌላ ገጽ ይገለጣል። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለው ፕሮቲን፣ እርሱም በሰላም ጊዜ ከአስኳሉ ውጭ ታስሮ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ሲፈታ የኡኡታ ጂኖችን ያስነብባል። መንደር ውስጥ አንድ ቤት ኡኡ ሲል ጎረቤት ዱላውን ይዞ እንደሚሮጥ፣ ኢንተርሉኪን-8 የሚባለው መልእክት ሲለቀቅ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሳንባው ይጎርፋሉ። ሌባ ካለ መልካም ነው። ጥቀርሻ ግን የሚያዝ ሌባ አይደለም፤ የመጡት ሕዋሳት የሚረጩት ኢንዛይምና ኬሚካል የሚያርፈው በራሱ በሳንባው ላይ ነው። ብግነት የምንለው ይህ ነው። ኢንተርሉኪን-6 ደግሞ በደም ሄዶ ለጉበት ይነግራል፤ ጉበትም የራሱን ገጽ ቀይሮ ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ያበዛል። በማድ ቤት ጭስና በልብ ድካም ወይም በስትሮክ መካከል ምን ግንኙነት አለ ለሚል ሰው የማሳየው አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ቅንጣቱ ልብ ድረስ ባይደርስ እንኳ ወሬው ይደርሳል።

ሦስተኛው ገጽ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነው። እንጨት፣ ቅጠል፣ ናፍጣ ወይም ፌስታል በደንብ ሳይነድ ሲቀር ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ የካርቦን ቀለበቶች ይፈጠራሉ። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ዳይኦክሲን ይጨመራል። ሕዋሳችን እነዚህን የሚቀበል ኤኤችአር የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ውሕዱን እንደ ያዘ ወደ አስኳሉ ገብቶ ሲዋይፒ1ኤ1 የሚባለውን የጽዳት ኢንዛይም ጂን ያስነብባል። ኢንዛይሙ የሚሠራው በቅን ልብ ነው፤ በውኃ የማይሟሟውን ቅባታም ውሕድ ኦክስጅን እየጨመረ በሽንት እንዲወጣ ለማድረግ ይሞክራል። ነገር ግን ቤንዞፓይሪን በመንገዱ ላይ፣ ጽዳቱ ገና ሳይፈጸም፣ ከጀመረበት በጣም የከፋ ነገር ይሆናል። ያ ግማሽ የጸዳ ውሕድ ዲኤንኤን፣ ማለትም የዘረመል መጽሐፉ የተጻፈበትን ሞለኪውል፣ አግኝቶ ጉዋኒን በሚባለው ፊደል ላይ ይጣበቃል። በ1996 የታተመ ጥናት ውሕዱ ፒ53 በሚባለው፣ ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይራባ በሚቆጣጠረው ጂን ላይ የሚጣበቅባቸው ቦታዎች፣ በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ውስጥ አዘውትረው ተበላሽተው ከሚገኙት ቦታዎች ጋር እንደሚገጥሙ አሳይቷል። መጽሐፉ የሚቀደደው በዚህ ነው። የቀደደውም ቤቱን ሊጠርግ የተነሣው የራሱ የቤት ልጅ ነው። ኅዳር 12 ላይ የሚነደው ፌስታል ሁልጊዜ ይህን ያሳስበኛል፤ እኛም ቤት ለማጽዳት ብለን ነው የምንለኩሰው።

ከአስኳሉ ሳልወጣ ስለ ክሮቹ ልናገር። በዘጌ ካሉት ገዳማት በአንዱ አንድ መነኩሴ የብራና መጽሐፍ ሲገልጡ በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። በአንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ አንባቢው የሚፈልገውን ክፍል ወይም ሥዕል ቶሎ እንዲያገኝ ነው። ክሩ አንድም ፊደል አይለውጥም፤ የሚለውጠው መጽሐፉ የሚገለጥበትን ቦታ ነው። በዲኤንኤም ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይሰፋል፤ ነገር ግን ይህኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ ገጹ እንዳይገለጥ የሚያስር ነው። በካናዳ ቫንኩቨር የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት 16 የአስም ሕሙማንን በቁጥጥር ሥር ለሁለት ሰዓት በሌላ አየር የተበረዘ የናፍጣ ጭስ አስተንፍሶ፣ ንጹሕ አየር ከተነፈሱበት ቀን ጋር ሲያነጻጽር፣ በደማቸው ሕዋሳት ውስጥ የሜቲል ምልክቶች በብዙ ቦታዎች ተቀይረው አግኝቷል፤ ለውጡም በማግስቱ ይታይ ነበር። የሁለት ሰዓት ጉዳይ ነው። እታለም አንድ ጊዜ ለመጋገር ከሚወስድባቸው ጊዜ አይበልጥም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ካንሰር የሚጀምረው ከቅዳጁ ነው፣ ጭሱ ጂኑን ያበላሻል፣ የተበላሸው ሕዋስ ይራባል እያልሁ ነበር። ይህን አስተሳሰቤን ያናጋው በለንደን በሚገኘው የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የተመራና በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ካንሰር የሌለበትን የሳንባ ሕብረ ሕዋስ በጥልቀት ሲመረምሩ ኢጂኤፍአር በሚባለው ጂን ላይ ለካንሰር የሚያዘጋጅ ስሕተት ከናሙናዎቹ በ18 በመቶው፣ ኬራስ በሚባለው ጂን ላይ ደግሞ በ53 በመቶው ውስጥ ተገኘ። ማለትም የተሳሳተ ፊደል የያዙ ሕዋሳት በዕድሜ ብዛት በብዙዎቻችን ሳንባ ውስጥ አሉ፤ ምንም ሳያደርጉ ተኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስሕተት የያዙ አይጦችን ለፒኤም 2.5 ሲያጋልጧቸው ግን ማክሮፋጆቹ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባለውን መልእክት ለቀቁ፤ መልእክቱም የተኛውን ሕዋስ ቀስቅሶ እንደ ግንድ ሕዋስ፣ ማለትም ሌሎች ሕዋሳትን እንደሚወልድ ሕዋስ፣ እንዲራባ አደረገው። መልእክቱን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል የተሰጣቸው አይጦች ላይ ዕጢው ቀነሰ።

ይህን ባነበብሁ ቀን ያ በተማሪነቴ ያየሁት ነጠብጣባም ማክሮፋጅ ትዝ አለኝ። ጥቀርሻውን ይዞ ይዞራል፣ ዝም አይልም ያልሁት ይህንኑ ነው። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ ሴት በሳንባ ካንሰር ስትታመም ዘመድ ሁሉ ምን አድርጋ ነው እያለ ይጠይቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው መዞር ያለበት ሕዋሶቿ ምን ሲነገራቸው ኖረ ወደሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ጥናቱ የተካሄደው በውጭ አየር ብክለት ላይ ነው፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አይደለም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም ቢሆን የውጭ አየር ብክለትን በ2013 ካንሰር አምጪ በሚለው የመጀመሪያ ምድብ ሲያስገባ፣ የቤት ውስጥ የማገዶ ጭስን ያስቀመጠው ከዚያ ቀጥሎ ባለው፣ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚለው ምድብ ነው።

ጭስ ሁሉ አንድ ጭስ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ዩታ በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ በ1986 የብረት ፋብሪካ በሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ፤ በዚያ የብርድ ወቅት በመተንፈሻ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ፋብሪካው ሲሠራና ሲዘጋ የተሰበሰበውን ብናኝ ከማጣሪያ ወረቀት ላይ አጥበው ለፈቃደኞች ሳንባ በጥቂቱ ሲሰጡ፣ ፋብሪካው ሲሠራ የተሰበሰበው ብግነት ሲያመጣ የተዘጋበት ዓመት ብናኝ ያንን አላመጣም። ክብደቱ እኩል ነበር፤ ልዩነቱ በውስጡ ያለው ብረታ ብረት ነው። ስለዚህ መለኪያዬ የሚያሳየውን አንድ ቁጥር ስመለከት፣ ከእጣን የወጣውም፣ ከናፍጣ መኪና የወጣውም፣ ከፌስታል የወጣውም በዚያ ቁጥር ውስጥ እኩል ሚዛን ይዞ እንደሚቆም፣ ለሕዋሱ ግን እኩል እንዳልሆነ አስባለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል ሰው የሚመልሰው የተሻሻለ ምድጃ ነው። እኔም ለእታለም ምርጥ ምድጃ ገዝቼላቸው ነበር። ምድጃው ማገዶ ይቆጥባል፣ የእሳቱን ወላፈን ይከላከላል፤ እሳቸውም ወደውታል። ነገር ግን ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሜጫ አካባቢ በሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ማግኘት የሕፃናትን የሳንባ ኢንፌክሽን እንደ ቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ብዙ ሰው ያስከፋል፤ ከሕዋሱ በኩል ለሚያየው ግን እምብዛም አይገርምም። የብናኙ ጉዳት የሚጨምረው ከታች በኩል በፍጥነት፣ ከላይ በኩል በዝግታ ነው። የማድ ቤቱን ባለ አራት አኃዝ ጭስ በግማሽ መቀነስ ትልቅ ድካም ነው፤ ግማሹም ቢሆን ግን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ለመፍታት ከበቂ በላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ሊጡ ኩፍ ባለበት ቀን መርጦ ይጠፋል። ስለዚህ ከምድጃው ይልቅ በሩን፣ መስኮቱን፣ ደረቁን ማገዶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእሳቱ አጠገብ ማን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ማየቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ለእታለም በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በክሮቹ ምሳሌ፣ ለማስረዳት ሞከርሁ። እርሳቸው ምጣዱን በማሰሻ እየወለወሉ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ክሩ አንድ ጊዜ ከተሰፋ ይፈታል ወይ?» አሉኝ። ሲጋራ ባቆሙ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በጭስ ከተቀየሩት ምልክቶች ብዙዎቹ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ፣ አንዳንዶቹ ግን ለአሥርት ዓመታት እንደሚቆዩ ነገርኋቸው። ከቤልጅየም በ2019 የወጣውንና በእንግዴ ልጅ ላይ፣ በፅንሱ በኩል ባለው ገጽ ሳይቀር፣ የጥቀርሻ ቅንጣት የተገኘበትን ጥናትም ልጨምር ብዬ ተውሁት። እታለም መልስ አልሰጡኝም፤ አንቀልባውን ጠበቅ አድርገው ቀጣዩን እንጀራ አሰፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መለኪያውን ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት በዘንዘልማ በኩል አለፍሁ። ልጁ ከማድ ቤቱ ርቆ፣ በማንጎው ጥላ ሥር፣ ሰሌን ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አንቀልባውም አጠገቡ ተጣጥፏል። ያለቅሳል። እታለም ከጭሱ ውስጥ ሆነው «ሦስት ነው የቀረኝ፣ ሦስት ብቻ!» እያሉ ይጮኹለታል።